የማያሳክከውንም አትለፊ

እህቴ፣ ለነገው የእከክ ሕክምና ዘመቻ ያዘጋጀሽውን መዝገብ በትከሻሽ አጮልቄ እያየሁት ነው። ጽሑፍሽ ያምራል። ግን «የታማሚ ስም» ብለሽ የከፈትሽውን ዓምድ ሰርዢና «በዚህ ቤት የሚያድር ሰው ሁሉ» ብለሽ ጻፊበት። ሕፃኑም ይግባ፣ አልጋ የያዙት አያትም ይግቡ፣ ለማሾ ለቀማ መጥቶ በረንዳ ላይ የሚተኛው ልጅም ይግባ። የሚያሳክከውና የማያሳክከው በአንድ መስመር ይጻፍ።

እከክ የወጣበትን ብቻ አክመሽ ስትሄጂ ምን እንደሚሆን በዚህ በቀወት ቆላ ነርስ ሆኜ ስዞር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ልጁ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ጥቂት ሳምንት እንቅልፍ ያገኛል፣ ከዚያ ማታ ማታ መቧጨሩን ይጀምራል። እናትየዋም «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ብላ ለጎረቤት ታወራለች። መድኃኒቱ ውሸት አልነበረም። በአንድ ጀንዲ አብራው የምትተኛውን እህቱን ስላላሳከካት ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልታከመችም፤ ተባዩን መልሳ የሰጠችው እሷ ናት።

ተባይዋን በዓይንሽ አታያትም። ሴቲቱ ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ መሿለኪያ ትቆፍርና በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በ3 ወይም በ4 ቀን ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በሁለት ሳምንት ገደማ አድጎ ለራሱ መራባት ይጀምራል። በአንድ ሰው ላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው፤ ሰው ገላውን አይቶ ከሚገምተው እጅግ ያንሳሉ። እንቅልፍ የሚነሳው ሰውነት በተባይዋ፣ በእንቁላሏና በኩሷ ላይ የሚያነሳው ቁጣ ነው። ልብ በይ፣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ይህ ቁጣ እስኪነሳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ልጅ ያቅፋል፣ ከወንድሙ ጋር ጋቢ ይጋራል፣ ተባዩንም ያስተላልፋል። አንዴ ተይዞ የሚያውቅ ሰው ግን ዳግም ሲያዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ያሳክከዋል። ስለዚህ «አንተን ያሳክክሃል?» የሚለው ጥያቄሽ ለቆጠራ ይጠቅምሻል፣ ማን መድኃኒት ይውሰድ የሚለውን ለመወሰን ግን አይበቃሽም።

አንድ ሁለት ቤት ብቻ የተያዘበት ጎጥ ከሆነ ታማሚውንና አብረውት የሚኖሩትን ማከም ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ነገሩ ይለወጣል። በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ የወጣው የአገራችን መመሪያ እከኩ 15 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት ቦታ መድኃኒቱ ለሕዝቡ በሙሉ ይሰጥ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የጠራቸው ባለሙያዎች ደግሞ ኋላ 10 ከመቶን መነሻ አድርገዋል። ሕዝቡ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እንግዳ አይደለም። ለትራኮማ ዚትሮማክስ ሲታደል ዓይኑ የታመመውም ያልታመመውም ተሰልፎ ውጧል። «እንደ ዓይን ማዙ ዘመቻ ነው» ካልሻቸው ግማሹን ማስረዳት ጨረስሽ።

የዚህ ክልል ሰው እከክን በዋዛ የሚያየው አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ ጊዜ ወንዙ ሲደርቅ፣ ቦኖው ሲቆም፣ ሰው የሚጠጣውን እንጂ የሚታጠብበትን ሲያጣ እከኩ አማራ ክልልን አጥለቀለቀው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪሙ ዶክተር ወንድማገኝ እምቢአለ ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት በ68 ወረዳዎች 1,125,770 ሰው ታይቶ ወደ 379,000 በሚሆኑት ላይ እከክ ተገኝቷል፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከተያዙት ብዙዎቹ ተማሪ ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ በተደረገው ዘመቻ በክልሉ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው ታየ፤ ከ10 አንድ ገደማ፣ ወደ 876,000 ሰው ተይዞ ተገኘና አብረውት ከሚኖሩት ጋር ታከመ። አብዛኛው የወሰደው ይኸው ነገ የምታድይውን የሚዋጥ አይቨርሜክቲን ነው። ዓለም እከክን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ የመዘገበው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ከመዘገቡት ቀድመን እያከክን ነበር፤ ይህን የምልሽ ለቀልድ ብቻ አይደለም፣ ወረዳ ላይ «እከክ ደግሞ በሽታ ነው እንዴ» የሚልሽ ኃላፊ አይጠፋምና መልስ እንዳታጪ ነው።

ለሁሉም መስጠት ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳየው የፊጂ ደሴቶች ሙከራ ነው። በአንደኛው ደሴት የተያዙትንና የቅርብ ሰዎቻቸውን ብቻ አከሙ፤ እከኩ በዓመቱ ከ36.6 ከመቶ ወደ 18.8 ወረደ። በሁለተኛው ለነዋሪው በሙሉ ፐርሜትሪን ቅባት ሰጡ፤ ከ41.7 ወደ 15.8። በሦስተኛው ለሁሉም አይቨርሜክቲን አዋጡ፤ ከ32.1 ወደ 1.9። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። እኔ ከዚህ የያዝኩት፣ ቅባትና ኪኒን ሁለቱም ተባዩን የሚገድሉ ሆነው ሳለ የሚዋጠው በባለሙያ ፊት ተውጦ ስለሚያልቅ ሰው ሁሉ ዘንድ መድረሱን ነው። ቅባት ቤት ይገባል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ግማሹ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ወንዶቹ ይሸተናል ብለው ይተዉታል።

እንግዲህ የሚያመልጡሽን ሰዎች ልቁጠርልሽ፤ ዘመቻሽ የሚፈርሰው በእነሱ ነውና። ሸዋሮቢት በአዲስ አበባና ደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያመርት፣ ማሾ የሚዘራ ገጠር የከበባት ከተማ ናት። ምርት ሲደርስ ከደጋው፣ ከደብረ ሲና በላይ ካሉት ቀበሌዎች ጭምር፣ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ በአንዲት ክፍል ተደራርቦ ያድራል። እነዚህ ልጆች የማንም ቤተሰብ መዝገብ ውስጥ የሉም። ጧት ቤት ለቤት ስትዞሪ እርሻ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ማታ ሂጂ፣ ወይም የእርሻውን ባለቤት አናግረሽ ማሳው ድረስ ሂጂ። እሱም አይከለክልሽም፤ ሌሊት ሲያክ ያደረ ሠራተኛ ቀን እያንቀላፋ እንደሚለቅም ከማንም በላይ ያውቃል።

የአብነት ተማሪዎችን በየጎጇቸው፣ ደረሶቹን በየመስጊዱ አትርሺ። አንድ አጎዛ ለሦስት ይካፈላሉ፣ ልብሳቸው ያው የለበሱት ነው፣ ሲያሳክካቸው ለማንም አይናገሩም። የኔታን ወይም ሸኹን አስቀድመሽ አናግሪ፤ መጀመሪያ እሳቸው ይውጡ፤ ተማሪ መምህሩ የዋጠውን ይውጣል። የሸዋሮቢትን ማረሚያ ቤትም የራሱ ክሊኒክ አለው ብለሽ አትለፊው። ከዚያ የሚፈታ ሰው ወደ መንደሩ ይመለሳልና ዘመቻው የሚካሄድበትን ቀን ለክሊኒኩ አስቀድሞ እንዲነገረው ጤና ጣቢያውን ጠይቂ። ወደ አርጎባ መንደሮች ለመውጣት ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከአካባቢው ይዘሽ ሂጂ፤ ከታች ሆነሽ «ኑ ውረዱ» ብትዪ የሚመጡልሽ ወጣት ወንዶች ብቻ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው የሚያመልጥሽ ግን በጓዳ የተኛው ሰው ነው። አንዳንድ አቅመ ደካማ ሽማግሌ፣ አንዳንድ የሰውነት መከላከያው በሌላ ሕመም የተዳከመ ሰው፣ እከኩ ሲይዘው አያሳክከውም ወይም እምብዛም አያሳክከውም። እጁና እግሩ፣ አንዳንዴም ራሱ፣ ወፍራም ቅርፊት ያወጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል፣ አንዳንዱም ሥጋ ደዌ ብሎ ይደብቀዋል። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ያሉት ተባዮች 10 እና 15 አይደሉም፣ በሺሕና በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ቅርፊቱ የተራገፈበት መኝታ ሳይቀር ያስይዛል። መንደሩን በሙሉ አክመሽ እሱን ከተውሽ በወሩ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ለሱ ሁለት ዙር ኪኒን አይበቃውም፤ ጤና ጣቢያ ገብቶ ኪኒኑም ቅባቱም በሐኪም ክትትል ተደጋግሞ ይሰጠው። በየቤቱ «ጓዳ የተኛ ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቂ፣ አለ ካሉሽ ገብተሽ በዓይንሽ እዪ።

አገባብሽም ይታሰብበት። ደጃፍ ላይ ቆመሽ «እከክ ያለበት አለ?» ብትዪ፣ በተለይ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ባለችበት ቤት፣ መልሱ «ኧረ አላህ ይጠብቀን» ወይም «በስመ አብ» ነው። እከክ እዚህ አገር የቆሻሻ ሰው በሽታ ተብሎ ስሙ ጠፍቷል። ግን በቀን ሁለቴ የሚታጠበውንም ይይዛል። የሚተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ ነው፤ ልጅን ማቀፍና አብሮ መተኛት ነው ጥፋቱ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው የሚያድረው ደግሞ ስለቆሸሸ ሳይሆን ሌላ ክፍል ስለሌለው ነው። ስለዚህ «ማታ እንቅልፍ የሚነሳው ልጅ አለ ወይ?» ብለሽ ጀምሪ። እናት ለልጇ እንቅልፍ ብላ የምትከፍተውን በር ለእከክ ብላ አትከፍተውም። ከዚያ የጣቶቹን መሃል፣ የእጁን አንጓ፣ ብብቱንና እምብርቱን፣ ከቀበቶው በታች እዪ፤ የጎልማሳውን ብልት ማየት ከፈለግሽ ወንድ ባልደረባሽ ይይ። የሕፃን መዳፍና ውስጥ እግሩ አይለፍሽ።

ወደ ኪኒኑ እንምጣ። በዓይንሽ ገምተሽ አትስጪ፣ የቁመት መለኪያውን አቁሚው። ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ አይውጥም፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደቁመቱ ከ1 እስከ 4 ፍሬ። ሚዛን ያለበት ቦታ መነሻው 15 ኪሎ ነው። እናትየዋ «ልጄ ትልቅ ነው፣ ቁመቱ ነው ያጠረው» ብትልሽም መለኪያውን እመኚ። ነፍሰ ጡርም አትውጥም፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ብልሃት የሚያስፈልግሽ። በዚህ በይፋት አካባቢ ሴት እርግዝናዋን አማቷ ፊት፣ ሦስተኛ ወሯ እንኳ ሳይሞላ፣ ለአንቺ አትነግርሽም። «እርጉዝ ነሽ?» ብለሽ በሰው መሃል ከጠየቅሻት «አይደለሁም» ብላ ትውጥልሻለች። ሴቶቹን ለብቻ ሌላ ጥግ አሰልፊና «የወር አበባሽ ዘግይቷል?» ብለሽ በጆሮዋ ጠይቂ። ያላገባችውንም እንደዚያው፤ ስታፍር ካየሻት አታስጨንቂያት፣ ቅባቱን ስጫት፣ መዝገቡ ላይም ምክንያቱን በምልክት ያዢው።

አርሶ አደሩ «ይሄ ለፍየሎቼ የሚወጋው አይደለም እንዴ?» ይልሻል። አትካጂው፣ ያው ነው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአገራቸው አፈር ካገኙት ባክቴሪያ ተነስቶ፣ አሜሪካ የሠሩት ዊልያም ካምፕቤል አጥንተውት፣ መጀመሪያ ለከብት ከዚያም ለሰው የዋለ መድኃኒት ነው፤ ሁለቱም በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። በምዕራብ በኩል መተማና ቋራ ላይ ሕዝቡ ለዓይን አሳዋሪው ኦንኮሰርኪያሲስ ሲውጠው ቆይቷል። ግን የፍየሉን መርፌ ሰው እንዳይጠጣው፣ ቆዳውም ላይ እንዳይቀባው አስጠንቅቂ፤ መጠኑም ቅመሙም የተሠራው ለእንስሳ ነው። የፍየል እከክም ወደ ሰው ቢተላለፍ ለጥቂት ቀን ያስቆጣል እንጂ በሰው ቆዳ አይራባም፤ በሰው ላይ የሚኖረው የሰው የብቻው ነው።

ጾሙን ተጠንቀቂ። ረመዳን ከገባ በቀን «በፊቴ ዋጪ» ብትያት እጇ ውስጥ ትይዝልሻለች፤ ስትዞሪ ወደ መቀነቷ ይገባል፤ ማታ ታስታውሰው አታስታውሰው አታውቂም። ከኢፍጣር በኋላ ሂጂ፣ ወይም ቀኑን አዙሪው። በኛ በኩልም ረቡዕና ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት አፉን የማይከፍት አለ፣ ጠበል የጀመረም «መድኃኒት አልቀላቅልም» ይላል። ከነዚህ ጋር አትከራከሪ፤ ቄሱ አንድ ቃል ቢነግሯቸው ይበቃቸዋል። እሑድ ደግሞ ግማሹ ሰው ሰንበቴ ገበያ ነው፤ በዚያ ቀን ዘመቻ ያቀደ ሰው የዚህን አገር ሰው አያውቀውም።

ቅባት የሚወስዱት ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ፐርሜትሪን ካለሽ ማታ ተቀብቶ ጧት መታጠብ ነው፤ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ገላ ላይ ይቆይ። ከሌለሽ የድኝ ቅባት አለ፤ ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ግን ለትንንሾቹና ለእርጉዞች የማይጎዳ ነው፤ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ይቀባ። ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት) ያቃጥላል፣ ለልጅ ሳይበረዝ አይሆንም፣ ስለዚህ ቤት ወስዳችሁ ቀቡ ብለሽ ጠርሙሱን አትበትኚ። የትኛውም ይሁን፣ የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አይደረግም። ከአንገት በታች ያለ ቆዳ በሙሉ፣ ከጥፍር ሥር እስከ ውስጥ እግር፣ የመቀመጫው ክፍተት ሳይቀር ይቀባል፤ ለሕፃን ራሱና ፊቱም፣ ዓይኑና አፉ ሲቀር። እናት ቀብታ እጇን ስትታጠብ የራሷ እጅ መድኃኒቱን ያጣል፤ ለዚህ ተባይ ደግሞ ከእጅ የተወደደ ቤት የለውም። ታጥባ ስትጨርስ መልሳ ትቀባ።

አሁን የምልሽን ከአሠልጣኝሽ አልሰማሽው ይሆናል። በራሪ ወረቀቱ «ልብስና አንሶላ ሁሉ ይቀቀል» ይላል። ለማን ነው የሚለው? ጀሪካን ተሸክማ ቦኖ ላይ ግማሽ ቀን ለምትሰለፍ እናት? ሰባት ሰው ያደረበትን ጀንዲ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ ልትቀቅል ስንት ጀሪካን፣ ስንት እንጨት? አትችልም። አለመቻሏን ስለምታውቅም፣ ሁሉን ካላደረግሁ አይጠቅምም ብላ ኪኒኑን ራሱን ትተወዋለች። ይህ ሲሆን ማየቴ ነው የሚያናድደኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬኔት ሜላንቢ የሚባል ሳይንቲስት እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ ፈቃደኞችን ሰብስቦ እከክ የያዛቸው ወታደሮች የለበሱትን ያልታጠበ የውስጥ ልብስ አስለበሳቸው፣ የተኙበትን ብርድ ልብስ አለበሳቸው። የተያዙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከታማሚ ጋር አንድ አልጋ ሲተኙ ግን ያዛቸው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ብርድ ልብስ በማምከን የሚያባክነውን ጉልበት ወደ ሰው ማከም እንዲያዞር ነበር የሜላንቢ ምክር።

ስለዚህ ለእናቲቱ ልኩን ንገሪያት። ተባይዋ ከሰው ገላ ከተለየች ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አትኖርም፣ በሞቃትና ደረቅ አየር ደግሞ ቶሎ ትሞታለች። የዚህ ቆላ ፀሐይ ከብዙ ሳሙና ይበልጥልሻል። ውሃ ያላት ሰሞኑን የለበሱትንና የተነጠፈውን ትጠብ። ውሃ የሌላት ታራግፍና ፀሐይ ላይ ታስጣ፣ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቃ አፉን አስራ፣ ለሦስት ቀን ታስቀምጠው። ቅያሪ የሌለው ሰውም መድኃኒቱን ይውሰድ፣ «ልብስህን ሳታጥብ አልሰጥህም» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። ልዩነት የምታደርጊው ቅርፊት ላወጣው ሽማግሌ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ መኝታው በእርግጥ መታጠብ ወይም መታሰር አለበት፣ እዚያ ላይ የጎጡን ሴቶች አስተባብረሽ ውሃ አስቀጂላቸው።

በሽንኩርት አገር ያለ ሌላ አደጋ አለ። ጓዳ ውስጥ የሚቀመጠው የተባይ ማጥፊያ ርጭት ቅማልንም እከክንም ይገድላል ተብሎ ልጅ ራስ ላይ የሚያፈስ ሰው አይጠፋም። በቆዳ ይገባል፣ ልጅ ይገድላል፤ ላብ፣ ትውከት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ካየሽ ልብሱን አውልቀሽ በብዙ ውሃ አጥበሽ ወደ ሸዋሮቢት ሆስፒታል ነው። ነጭ ጋዙም ቆዳ ያቆስላል። እንዶድ ያጠበችበትን ግን አታሳፍሪያት፤ ለልብስ ጥሩ ሳሙና ነው፣ እከክ አይገድልም በያት፣ በቃ።

በእከክ የሚሞት የለም የሚለውን አትቀበዪ። በጥፍር የተቧጨረ ቆዳ ይመግላል፣ በዚያ በኩል የገባ ባክቴሪያ አንዳንድ ልጅ ላይ ኩላሊት ያስቆጣል። ጧት ፊቱ ያበጠ፣ ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረ ልጅ ካገኘሽ ኪኒኑን ሰጥተሽ አትለፊው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። መግል የያዘ ቁስል ያለበትም አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። ለተማሪዎቹ ጥፍራቸውን እንዲቆርጡ ምላጭ ከመስጠት ጥፍር መቁረጫ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱን ለብዙ ስትጠቀሚ በአልኮል ጥረጊው።

ከዋጡ በኋላ ምን እንደሚመጣ ከመውጣትሽ በፊት ንገሪያቸው፤ ይህን የሚረሳ ባለሙያ ብዙ ነው። አንዳንዱ በዚያው ቀን ራሱን ያመዋል፣ ትንሽ ያዞረዋል፣ ያልፋል። ማሳከኩ ግን ተባይዋ ሞታም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል፤ የሞተችው እስክትራገፍ ቆዳው ይቆጣል። ይህን ያልሰማች እናት በሦስተኛው ቀን ፋርማሲ ሄዳ ቢቢኤል ትገዛለች፣ ደጋግማ ትቀባለች፣ ቅባቱ ራሱ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ የተቃጠለው ያሳክካል፣ እንደገና ትቀባለች። እያነሰ ከሄደ ይጠብቁ። አዲስ ሽፍታ፣ አዲስ መሿለኪያ ከወጣ፣ ወይም ወር አልፎ እንቅልፍ ከነሳ፣ ያን ጊዜ ይጥሩሽ።

ሁለተኛው ዙር እንዳይቀር። አይቨርሜክቲን እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የተፈለፈለው አድጎ ሳይጥል፣ መልሰው ይውጡ። የመጀመሪያው ቀን ሰው ይጎርፋል፣ በሁለተኛው ግማሹ ድኛለሁ ብሎ እርሻ ይሄዳል። መድኃኒቱን ስትረከቢ የሁለቱንም ዙር ካልቆጠሩልሽ ፈርመሽ አትውሰጂ፤ «የቀረው ኋላ ይመጣል» ያሉት ሳይመጣ የቀረበትን ጎጥ አውቃለሁ። የሁለቱም ቀን ጎረቤት ጎጦች ሁሉ አንድ ላይ ይሁን፤ የጀውሃን ጎጦች ዛሬ፣ ከማዶ ያሉትን በወሩ ብታክሚ በሰርግና በለቅሶ ይገናኛሉ፣ እከኩም ይሻገራል።

በወሩ ተመለሽና ቁጠሪ። ያልታከመ ቤት፣ ያልዋጠ ሰው፣ አዲስ የመጣ እንግዳ፣ ለብቻ ይጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ዘመቻው በዓመት አንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቀጥል የሚሉት ያለ ነገር አይደለም፤ አንዴ አክመን እንገላገላለን የሚለውን ተስፋ ለማንም አትስጪ፣ ለራስሽም። ቁጥሩ የወረደበትን ጎጥ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስታሳውቂ ያልወረደበትንም አብረሽ አሳውቂ፤ ባዶ ሪፖርት ያስመሰግንሽ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዙር ግን መድኃኒት ያስቀርብሻል። የሪፖርቱን ግልባጭ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትም ላኪ፣ የትኛው ቦኖ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ቀኑን ጨምረሽ።